የዱባይ ፋይል ደጋ አያውቅም

ጋራዣችን ቱሉ ዲምቱ ነው፣ ወደ ኮዬ ፈጬ በሚወስደው በኩል። ጋራዥ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ጉድጓድ፣ አንድ ጠረጴዛና ባትሪው የደከመ ላፕቶፕ ነው። ዋና ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው። ጉልበት ለመጨመር የመኪናን ኮምፒውተር መንካት የጀመርኩት በኋላ ነው። ከ2016 ጥር ወዲህ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ስለተከለከለ ሰው ያለውን መኪና ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። «አዲስ ካልገዛሁ ያለኝን ላጠንክረው» የሚለው በዝቷል።

ባለፈው ክረምት አንድ ጎልማሳ ሰው ባለ 3.0 ዲ ፎር ዲ (የቶዮታ ናፍጣ ሞተር) ደብል ጋቢና ሃይሉክስ ይዘው መጡ። ከቢሾፍቱ የዶሮ መኖ ያመላልሳሉ።

«ልጄ፣ ዳገት ላይ ሲኖ ትራክ እየቀደመኝ ነው» አሉኝ። ስልካቸውን አውጥተው አንድ ፋይል አሳዩኝ። ዱባይ ያለ የወንድማቸው ልጅ የላከላቸው ነው። እዚያ ለተመሳሳይ መኪና የተሠራ። «ይቺን ብቻ ጫንልኝና ልሂድ።»

«ጋሼ፣ ይቺን ከጫንኩልዎት በተጎታች ነው የሚመለሱት» አልኳቸው።

ሳቁ። እኔ ግን የምሬን ነበር። ይህን ሥራ ስጀምር እንዲህ ያለ ፋይል ከአንድ ሻጭ ገዝቼ የራሴ ፒካፕ ላይ ጭኜ ነበር። ሁለት ሳምንት መኪናው በረረ። በሦስተኛው የተርቦው፣ አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ክፍል፣ ዘንግ ተሰበረ። ዘይቱን በማርሚታው በኩል ተፋው። ከኋላዬ የነበረው መንገድ በሰማያዊ ጭስ ጠፋ። ተርቦውን ከኪሴ ገዛሁ። ለሁለት ወር ያህል ምሳዬ ሽሮ ብቻ ነበር።

ምክንያቱ ሒሳብ ነው። ባሕር ወለል ላይ የአየር ግፊት 101 ኪሎ ፓስካል ነው። አዲስ አበባ ላይ 77 ገደማ። ኮምፒውተሩ የተርቦ ግፊትን የሚቆጥረው ከዜሮ ተነስቶ ነው። ፋይሉ «220 አምጣ» ብሎ ካዘዘ፣ ዱባይ ላይ ተርቦው 101ን ወደ 220 ያሳድጋል። 2.2 እጥፍ ማለት ነው። እኛ ጋ ግን 77ን ወደ 220 ማሳደግ አለበት። ወደ 2.9 እጥፍ ይጠጋል። ያንኑ ቁጥር ለማምጣት ተርቦው እዚህ በጣም ፈጥኖ መሽከርከር አለበት። ፋብሪካው ይህን ስለሚያውቅ የከፍታ ማስተካከያ ሠንጠረዥ አስቀምጧል። አየሩ ሲሳሳ ትእዛዙን ይቀንሳል። እኔ የገዛሁት ፋይል ውስጥ ያ ሠንጠረዥ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቁጥር ሆኖ አገኘሁት። ያየሁት ግን ተርቦው ከተሰበረ በኋላ ነው።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ቪትዝ ላላችሁ አንድ ቃል። ይቅርባችሁ። ተርቦ የሌለው ሞተር አዲስ አበባ ላይ ከአየሩ ሩብ ያህሉን አጥቷል። በሶፍትዌር አየር አይጨመርም። የምታገኙት እግራችሁ የማይሰማው ጥቂት ነገር ነው። ገንዘቡን ለካንዴላ፣ ለአየር ፊልትሮና ለጎማ አውሉት። ኦቢዲ ሶኬት (የመኪናው መመርመሪያ መሰኪያ) ላይ ተሰክቶ ብልጭ ድርግም የሚለውን «ፓወር ቺፕ» አንዱን ፈትቼ አይቼዋለሁ። ውስጡ መብራት ነው። ከመኪናው ጋር የሚያወራበት ክፍል የለውም። የነዳጅ ፔዳል ላይ የሚሰካው ደግሞ የእግራችሁን ግማሽ እንደ ሙሉ አድርጎ ያቀርባል እንጂ ጉልበት አይጨምርም።

ተርቦ ናፍጣ ከሆነ ግን ማውራት እንችላለን።

መጀመሪያ የምነካው ኮምፒውተሩን አይደለም። ኮፈኑን ከፍቼ የአየር ቱቦዎቹን እፈትሻለሁ። የአየር ፊልትሮ ቱቦውን እነቅልና አፉን በተበሳ ክዳን እደፍናለሁ። ከኮምፕሬሰር ትንሽ አየር፣ ከአንድ ባር በታች፣ እለቅበታለሁ። ከዚያ በመርጫ የኦሞ ውሃ። የጋሼ መኪና ላይ ከኢንተርኩለሩ (የተርቦውን አየር ከሚያቀዘቅዘው) የሚወጣው ወፍራም ቱቦ ክላምፑ ሥር ተሰንጥቆ ነበር። በዓይን አይታይም። አረፋው ግን እንደ ቡና ክሬም ቁልል አለ። ረዳቴ ጣቱን አስጠግቶ «እዚህ ይነፍሳል» አለ። ተርቦው የሠራውን አየር ግማሽ መንገድ ላይ እየደፋው ነበር።

ቀጥሎ ኢንጀክተሮቹ፣ ነዳጅ የሚረጩት። ሚኒ ቪሲአይ ኬብልና ቴክስትሪም (የቶዮታ መመርመሪያ ሶፍትዌር) ካላችሁ የእያንዳንዱን ሲሊንደር የማስተካከያ ቁጥር ያሳያችኋል። ሞተሩ ሞቆ፣ ሥራ ፈት ላይ ሆኖ (መኪናው ቆሞ፣ ነዳጅ ሳይረገጥ) ነው የሚታየው። ኮምፒውተሩ አንዱ ሲሊንደር ሲደክም ነዳጅ ይጨምርለታል፣ ሲበዛበት ይቀንስለታል። ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ጤነኛ ነው። በፕላስም ይሁን በማይነስ 3 ካለፈ እኔ ፋይል አልነካም። የጋሼ ሦስቱ ከ1 በታች ነበሩ። አራተኛው 3.4።

ይህ ሞተር ላይ ኢንጀክተር ሥር ያለችው የመዳብ ቀለበት ትልቅ ነገር ናት። ካረጀች የተቃጠለ ጋዝ ወደ ዘይቱ ያልፋል። ዘይቱ ይጠቁራል፣ ይወፍራል። በመጨረሻ ካርተሩ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ያለውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍነዋል። ሞተሩ በጠራራ ፀሐይ ዘይት አጥቶ ይሞታል። እንዲህ ባለ ሞተር ላይ ጉልበት መጨመር የታመመን ሰው እንጦጦ ሩጥ እንደማለት ነው። ስለዚህ ቀለበቶቹን ቀየርን፣ አራተኛውን ኢንጀክተር አስጠገንን፣ ካርተሩን አውርደን ወንፊቱን አጠብን። ቱቦውንም ቀየርን።

የራዲያተር ክዳኑንም አትርሱ። እኛ ጋ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ማቀዝቀዣው ከዚያ በላይ ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለት ነው። ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ብዙ ቴስታታ (የሞተር ራስ) አስበልቷል።

ጋሼ መኪናቸውን ወስደው በሳምንቱ ደወሉ። «ተስተካክሏል እኮ! ኮምፒውተሩን ነካኸው እንዴ?» አልነካሁትም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያበቃል፣ ማብቃቱም ጥሩ ነው። እሳቸው ግን «ከጀመርን አይቀር» ብለው ተመለሱ።

አሁን ልኬት። ከቱሉ ዲምቱ የክፍያ ጣቢያ ወደ አዳማ የሚወስደው ፈጣን መንገድ ለዚህ ይመቻል። ማለዳ፣ ከባድ መኪና ሳይበዛ። ሦስተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ በደቂቃ ከ1,500 ዙር እስከ 3,500፣ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጦ። ይህ መኪና ሦስተኛ ላይ 3,500 ዙር ሲደርስ ፍጥነቱ 100 አካባቢ ነው። የመንገዱ ጣሪያ 120 ስለሆነ ከሕግ አንወጣም። ላፕቶፑን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። እየነዱ ስክሪን ማየት የለም። የምትመዘግቡት ዙር፣ በማፍ ሴንሰር የሚለካው ወደ ሞተሩ የሚገባ አየር፣ የተርቦ ግፊት፣ የሚረጨው ነዳጅ፣ የሬይል ግፊት (ነዳጁ ወደ ኢንጀክተሮቹ የሚሄድበት ግፊት)፣ የውሃና የአየር ሙቀት ነው።

ከዚህ ምዝገባ አንድ ቁጥር ነው የምፈልገው። ለአንዱ እርጭታ ስንት አየር፣ ስንት ነዳጅ። በምሳሌ ላሳያችሁ። 2,000 ዙር ላይ ማፉ በሰከንድ 80 ግራም አለ እንበል። በደቂቃ 4,800 ግራም ነው። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተር 2,000 ዙር ላይ በደቂቃ 4,000 ጊዜ ይስባል። ስለዚህ በአንድ ስበት 1.2 ግራም፣ ማለትም 1,200 ሚሊግራም አየር ይገባል። ነዳጁ 74 ኪዩቢክ ሚሊሜትር ከሆነ በ0.83 (የናፍጣ እፍጋት) አባዙት። 61 ሚሊግራም ገደማ ነው። 1,200ን ለ61.4 ስታካፍሉ 19.5። ናፍጣ በትክክል ለመቃጠል 14.5 እጥፍ አየር ይፈልጋል። 19.5 ለ14.5 ሲካፈል 1.35። ይህ ላምዳ ይባላል። ከ1 በላይ ያለው ትርፍ አየር ነው። እኔ ከ1.25 በታች አልወርድም። ከዚያ በታች ጭሱ ይጠቁራል፣ ሙቀቱ ይወጣል፣ በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራም ቦሎ ሊያስከለክላችሁ ይችላል።

አሁን ነዳጁን 78 አድርጉትና ሒሳቡን ድገሙት። ላምዳ 1.28 ይመጣል። አያችሁ? 5 ከመቶ ስንጨምር ከ1.25 በላይ የነበረን ትርፍ ሊያልቅ ምንም አልቀረው። ዱባይ ላይ ያለው ልጅ ግን አየሩ ወፍራም ስለሆነ 15 ከመቶ ጨምሮም ላያጨስ ይችላል።

ፋይሉን ማንበብ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። አንዳንድ መሣሪያ «አነበብኩ» ይላችኋል እንጂ የመኪናውን መለያ ቁጥር አይቶ ከኢንተርኔት ተመሳሳይ ፋይል ነው የሚያወርደው። ያ የእናንተ ኦሪጅናል አይደለም። በኦቢዲ ካልተነበበ የኮምፒውተሩን ሳጥን ፈትቶ ጠረጴዛ ላይ ማንበብ ነው። ሃይሉክሱ ላይ ከጋቢናው የፊት መሳቢያ ጀርባ ታገኙታላችሁ። ሁለት ጊዜ አንብቡ። ሁለቱን ፋይሎች አወዳድሩ። አንድ ባይት እንኳ ከተለያየ እዚያው ቁሙ። ኦሪጅናሉን ሦስት ቦታ አስቀምጡ።

በዊንኦልስ ወይም በኢሲኤም ቲታኒየም (የፋይል ማስተካከያ ሶፍትዌሮች ናቸው) ስትከፍቱት የቁጥር ባሕር ነው። ሠንጠረዦቹን «ካርታ» እንላቸዋለን። ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ነው። የፔዳሉን ካርታ ከፍ ያደርግና መኪናው ምንም አልተለወጠም ብሎ ያማርራል። ነገሩ እንደ መሥሪያ ቤት ፊርማ ነው። ጉዳያችሁ አራት ጠረጴዛ ያልፋል። ፔዳሉ «80 ነዳጅ ስጡት» ይላል። የጭስ ገደቡ «በዚህ አየር 74 ይበቃዋል» ይላል። የጉልበት ገደቡ «እኔ 76 ነው የምፈርመው» ይላል። የሙቀት ገደቡም የራሱን ይላል። የሚያሸንፈው ትንሹ ቁጥር ነው። ስለዚህ ከመጨመራችሁ በፊት የትኛው ጠረጴዛ እንደያዛችሁ በምዝገባው እወቁ።

የጋሼን መኪና የያዘው የጭስ ገደቡ ነበር። ሠንጠረዡ በአግድም ዙር፣ በቁም የአየር ግፊት ነው። ከ1,600 እስከ 2,800 ዙር ያሉትን ሳጥኖች ብቻ፣ መጀመሪያ 3 ከመቶ፣ ከዚያ 5 ከመቶ አደረግኩ። ዳሩን ለስላሳ አድርጌ ወደ ኦሪጅናሉ መለስኩት። ድንገተኛ ዝላይ ካለ መኪናው እየነዳችሁት ይነጥቃችኋል። ከ1,600 በታች አልነካም። ተርቦው ሳይነሳ ነዳጅ መጨመር ጭስ መግዛት ነው። የሬይል ግፊቱን አልነካም። ይህ ሥርዓት ሙሉ ጭነት ላይ 1,600 ባር አካባቢ ይደርሳል፣ ፖምፓውና ኢንጀክተሩም ዕድሜያቸውን በልተዋል። የተርቦ ግፊቱን አልነካሁም። የከፍታ ማስተካከያውንማ እጄ አይነካውም።

ሌላ ደግሞ የራሴ ሕግ አለኝ። ቱሉ ዲምቱ ላይ ሞተሩ ያልደረሰበትን የሠንጠረዥ ሳጥን አልቀይርም። እዚህ አየሩ ስስ ስለሆነ የሠንጠረዡ የታችኛው ረድፎች፣ ከፍተኛ ግፊት ያለባቸው፣ ጭራሽ አይነበቡም። መኪናው ወደ ቆላ ሲወርድ ግን ይነበባሉ። ደጋ ላይ ተቀምጦ ለቆላ ቁጥር መጻፍ ጥንቆላ ነው። ቤንዚን ተርቦ ላይ ደግሞ ይብሳል። እዚህ የማይሰማ የሞተር መንኳኳት መተሃራ ላይ ፒስተን ይበሳል።

ስትጨርሱ ቼክሰሙን አስተካክሉ። የፋይሉ ማረጋገጫ ቁጥር ነው። ካልገጠመ አንዳንዱ ኮምፒውተር ሞተሩን አያስነሳም። አብዛኛው ሶፍትዌር ራሱ ያስተካክለዋል፣ ግን ማስተካከሉን በዓይናችሁ እዩ።

አሁን መጻፍ። ልቤ የሚመታው እዚህ ነው። በአጻጻፉ መሃል ኃይል ከተቋረጠ ኮምፒውተሩ ግማሽ አዲስ ግማሽ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። መኪናው አይነሳም። ተፈትቶ፣ ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ነው የሚድነው። ከዳነ። የመኪናውን ባትሪ 13.5 ቮልት በሚሰጥ ቋሚ ፓወር ሰፕላይ እደግፋለሁ። ተራ ቻርጀር አይሆንም፣ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። መብራት፣ ማሞቂያ ፋን፣ ሬዲዮ ይጥፋ። በር አይከፈት፣ አይዘጋ። ላፕቶፑ እንዳይተኛ፣ ዝመና እንዳይጀምር አድርጉ። እኛ ሰፈር መብራት ሳይናገር ነው የሚሄደው። ስለዚህ ፓወር ሰፕላዩን የምሰካው ግድግዳ ላይ ሳይሆን ኢንቨርተር ላይ ነው። ኢንቨርተሩ ደግሞ ለብቻው በተቀመጠ ሙሉ የጭነት መኪና ባትሪ ይሠራል። ረዳቴ በር ላይ ቆሞ ሰው ይከለክላል። አንድ ጊዜ 60 ከመቶ ላይ ደርሼ አንድ ጎረቤት መጥቶ ክላክስ ነፋ። ያን ቀን ያረጀሁትን እስካሁን አላካካስኩም።

ሲጨርስ ቁልፉን አጥፉ፣ ትንሽ ጠብቁ፣ አብሩ። የስህተት ኮዶችን አጽዱ። አስነሱ። ሥራ ፈት ላይ ድምፁ እንደ በፊቱ መሆን አለበት። ካልሆነ ኦሪጅናሉን መልሱ።

ለፈተናው ከተርቦው በፊት የጭስ ማውጫው ላይ ኬ ታይፕ ቴርሞካፕል (የሙቀት መለኪያ) አስገብቻለሁ። ይህ ለናፍጣ ከሁሉም ጌጅ ይበልጣል። ቀዳዳ ስትበሱ ማኒፎልዱን አውርዳችሁ ብሱ፣ ብናኙ ተርቦው ውስጥ ከገባ ክንፉን ይበላዋል። ለረጅም ዳገት 700 ዲግሪ ላይ እቆማለሁ። 750 ካየሁ ነዳጅ እቀንሳለሁ።

ባዶ መኪና ፈተና አይደለም። ጋሼ 8 ኩንታል መኖ ጭነው አብረን ሄድን። ወደ አዳማ መውረዱ ቀላል ነው፣ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ እንደርሳለን። እውነቱ የሚወጣው ስንመለስ ነው፤ ከሞጆ ወደ ላይ ያለው መንገድ ገደል አይመስልም እንጂ ሳያርፍ ይወጣል። አራተኛ ማርሽ ላይ 690 አየሁ። ጋሼ መሪውን ይዘው እኔን ሳይሆን ጌጁን ነበር የሚያዩት። ፍሪሲዮኑም አልተንሸራተተም። ፍጥነት ሳይጨምር ዙሩ ብቻ ከዘለለ ፍሪሲዮኑ አልቋል ማለት ነው።

በሌላ ቀን መተሃራ ድረስ ወርደን፣ 1,000 ሜትር በማይሞላ ከፍታ፣ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ያንኑ ልኬት ደገምን። ያልነካኋቸው ረድፎች እዚያ ተነበቡ። ላምዳው 1.4 አካባቢ ነበር። እዚያ ቆላው ራሱ ጉልበት ስለሰጣቸው ረድፎቹን እንዳሉ ተውኳቸው።

ኦሪጅናሉንና አዲሱን ፋይል በፍላሽ አድርጌ፣ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን በማርከር ጽፌበት መሳቢያው ውስጥ አስቀመጥኩላቸው። ሌላ መካኒክ አንድ ቀን ኮምፒውተሩን ቢቀይር ይፈልገዋል። ለኢንሹራንሳቸውም እንዲያሳውቁ ነግሬያቸዋለሁ።

ከወር በኋላ ደወሉ። ሲኖ ትራኩን ቀደሙ ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የተጫነውን ቀደምኩ» አሉ። «ባዶው ግን አሁንም ጥሎኝ ይሄዳል።»